ልጆችን ይዞ ወደ ቡድሃፊልድ፦ ለድንኳን ፌስቲቫል የሚዘጋጅ ቤተሰብ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሶመርሴትና ዴቨን በሚባሉት አውራጃዎች ገጠር፣ ሰዎች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ጥቂት የሐምሌ ቀናትን የሚያሳልፉበት ቡድሃፊልድ የሚባል ፌስቲቫል አለ። ሙዚቃና ጭፈራ አለው፤ የእጅ ሥራ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የተመስጦ ትምህርት የሚሰጡ ወርክሾፖችም አሉት። በእንግሊዝ በዚያው ወቅት ከሚካሄዱት ሌሎች የሜዳ ፌስቲቫሎች የሚለየው ግን የአልኮል መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የማይፈቀድበት፣ ሥጋ የማይሸጥበትና የቡድሃን ትምህርት በሚከተሉ ሰዎች የሚዘጋጅ በመሆኑ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በብሪታንያ ለሚኖሩ፣ የልጃቸው ጓደኛ ወላጆች ወይም የሥራ ባልደረባቸው «አብረን እንሂድ» ሲላቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ማወቅ ለሚፈልጉ የአገራችን ቤተሰቦች ነው። ቁልቢ ወይም ግሸን ለንግሥ ወርደው ሜዳ ላይ ያደሩ ሰዎች የነገሩን ግማሽ ያውቁታል፤ የቀረውን ግማሽ እንደሚከተለው ማሰናዳት ይቻላል።

አንደኛ፦ የአዘጋጆቹን ማንነት ማወቅ

ቡድሃፊልድ የተወለደው ትሪራትና ከሚባለው የቡድሂስቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የመሠረተው ሳንጋራክሺታ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በ1925 ለንደን ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደርነት ወደ ሕንድ ተልኮ፣ እዚያው መንኩሶ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ የተመለሰ ሰው ነበር። ማኅበሩ «የምዕራባውያን ቡድሂስት ሥርዓት ወዳጆች» የሚለውን የመጀመሪያ ስሙን በ2010 ትሪራትና ወደሚለው ለውጧል፤ ትርጉሙ «ሦስቱ ዕንቁዎች» ሲሆን፣ እነዚህም ቡድሃ፣ ትምህርቱ እና የተከታዮቹ ጉባኤ ናቸው። የፌስቲቫሉ መነሻ ደግሞ በ1990ዎቹ የማኅበሩ አባላት በታላቁ የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ላይ ምግብ ቤትና የተመስጦ ድንኳን ከፍተው ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን ሜዳ ያዙ።

ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ አንድ ነገር ጨምሮ ማወቅ ይገባዋል። መሥራቹ ከወጣት ተከታዮቹ ጋር በነበረው የጾታ ግንኙነት ለዓመታት ሲወቀስ ቆይቶ፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 መጨረሻ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ የልጆችና የተጋላጭ ሰዎች ጥበቃ ደንብ አውጥቶ በግልጽ ስለሚያሳውቅ፣ ደንቡን ጠይቆ ማንበብና በሜዳው ላይ የጥበቃ ኃላፊው ማን እንደሆነ ማወቅ የዝግጅቱ አካል መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ወላጅ ልጆቹን ወደየትኛውም የሃይማኖት ስብስብ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ ሲወስድ ይህንኑ ቢጠይቅ አያስነውርም።

ሁለተኛ፦ የእምነቱን ጉዳይ ቤት ውስጥ መጨረስ

ብዙ ቤተሰብ ይህን ንግግር ወደ ጎን ይተወውና፣ ማታ የዕጣን ሽታ ከትልቁ ድንኳን ሲወጣ፣ ልጁም ሮጦ ሲገባ፣ ባልና ሚስት በሹክሹክታ መከራከር ይጀምራሉ። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት እዚያ የሚደረገውን በትክክል ማወቅ ይበጃል።

በፌስቲቫሉ ላይ ሦስት ዓይነት ነገሮች ይካሄዳሉ። የመጀመሪያው ከእምነት ጋር የማይያያዝ ነው፤ ቅርጫት መሥራት፣ እንጨት መቅረጽ፣ የዱር ቅጠል ለይቶ መልቀም፣ መዝፈን፣ መጨፈር። ሁለተኛው የተመስጦ ልምምድ ሲሆን፣ ከቡድሂስቶች የመጣ ቢሆንም የሌላ እምነት ሰው ወይም እምነት የሌለው ሰው የሚሳተፍበት ነው። ሦስተኛው ፑጃ የሚባለው የአምልኮ ሥርዓት ነው። በፑጃ ጊዜ ሰዎች የቡድሃ ምስል፣ ሻማ፣ አበባና ዕጣን በተዘጋጀበት መሠዊያ ፊት ተቀምጠው መሪው የሚለውን እየተቀበሉ ስንኝ ይደግማሉ፤ ማንትራ የሚባሉ አጫጭር ቃላትን ደጋግመው ያዜማሉ፤ የፈለገ ተነሥቶ ዕጣን ያቀርባል ወይም ይሰግዳል። ይህ ትርዒት አይደለም፤ ለሚያደርጉት ሰዎች ከልብ የሆነ አምልኮ ነው።

በዚህ ላይ ቤተሰቡ የራሱን ወሰን ማስመር ይኖርበታል። አንዱ ቤተሰብ ለፌስቲቫሉ የመጣነው ለዘፈኑና ለሜዳው ነው፤ ፑጃ ላይ አንገኝም ሊል ይችላል። ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ማየትን ይፈቅድ ይሆናል፤ ምንም ሳያቀርቡ ከኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ነውር አይቆጠርም። የንስሐ አባትዎን ወይም የመስጊድዎን ኢማም ማማከር ከፈለጉ የሚያማክሩት አሁን እንጂ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ውሳኔውን በአጭሩ መንገር ይበቃል፦ «እነሱ በዚያ ድንኳን ውስጥ ይጸልያሉ፤ እኛ የምንጸልየው በራሳችን ነው፤ ስናልፍ አንጮኽም።» ልጆች የሚጨነቁት ወላጅ ሲያመነታ ነው። ሶላት የሚሰግዱ ቤተሰቦችም ቂብላው ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሆኑን አስበው ከድንኳናቸው አጠገብ ደረቅ ቦታ ቢያስቀሩ መልካም ነው።

ሦስተኛ፦ ቀን፣ ትኬትና መንገድ

ፌስቲቫሉ በዚያ ዓመት መካሄዱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። ትኬት ሲገዙ የልጆቹ ዋጋ በየትኛው ዕድሜ እንደሚቀየር፣ መኪና ለማቆምና በመኪና ውስጥ ለማደር የተለየ ክፍያ መኖሩን፣ ውሻ መፈቀዱን ይመልከቱ። ከለንደን በባቡር የሚሄድ ከፓዲንግተን ጣቢያ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ገደማ ቶንተን ይደርሳል፤ ከጣቢያው እስከ ሜዳው ያለውን መጓጓዣ ግን ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ፤ በገጠሩ የእሑድ አውቶቡስ ላይ መመካት አይገባም። መኪና ያለው ዘመድ ካለ ዕቃውን እሱ ቢወስድልዎ ይቀላል።

አራተኛ፦ ከቀኑ ይልቅ ለሌሊቱ መዘጋጀት

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያስጠነቅቀናል። እንግሊዞች ሐምሌን የሙቀት ወቅት ብለው ይጠሩታል፤ ለእኛ ግን ሐምሌ ክረምት ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ገጠር የሐምሌ ሌሊት ብዙ ጊዜ ወደ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጊዜ ከዚያም በታች ይሆናል። ይህም ከአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት እምብዛም አይለይም። ስለዚህ በክረምት እንጦጦ ላይ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው የሚይዘውን ሁሉ ይያዙ።

ድንኳን ሲገዙ «ለአራት ሰው» የሚለው ጽሑፍ አራት ሰዎች ያለ አንዳች ዕቃ ጎን ለጎን ሲተኙ ማለት ስለሆነ፣ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ የስድስት ሰው ድንኳን ያስፈልገዋል። የጨርቁ ውኃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ 3000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ለእንግሊዝ ዝናብ አስተማማኝ ነው። አዲስ ድንኳን ከሆነ ከጉዞው በፊት በመናፈሻ ወይም በጓሮ አንድ ጊዜ ይትከሉት። ይህን ሳያደርጉ የሄዱ ሰዎች በጭለማና በዝናብ መካከል የትኛው ምሰሶ የት እንደሚገባ በባትሪ ብርሃን መመሪያ ሲያነቡ ማየት የተለመደ ነው።

ሰውን የሚያበርደው ከላይ ያለው አየር ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው መሬት ይብሳል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ምቹ ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር እንደ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከላዩ የስፖንጅ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ መነጠፍ አለበት። ከሥር ሁለት፣ ከላይ አንድ ብሎ ማስላት ለልጆች ጥሩ ልክ ነው። ጋቢ መያዝ ደስ ይላል፤ ማታ እሳት አጠገብ ሲቀመጡ የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ የሌሊቱን እርጥበት ስለሚጠጣ መኝታ ላይ አይመኩበት። ባና ያለው ቤተሰብ ባናውን ይዞ ይሂድ፤ ሱፍ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ፣ ቀን ፈጽሞ የማይነካ አንድ ደረቅ ልብስና ካልሲ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይቀመጥ። የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪም እንዲሁ።

ሌላው የማይታሰበው ነገር ብርሃኑ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። የልጆችን የመኝታ ሰዓት በጭለማ ለመወሰን የሚሞክር ወላጅ በሁለተኛው ቀን የደከመና የሚያለቅስ ልጅ ይጠብቀዋል። ጥቁር ጨርቅ ይዘው በልጆቹ መኝታ ክፍል በኩል በውስጥ ቢጋርዱ አንድ ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያተርፋሉ።

አምስተኛ፦ ምግብ

በዚህ ረገድ አበሻ ከማንም የተሻለ ዝግጁ ነው። ሥጋና ዓሣ የማይቀርብበት፣ ብዙው ምግብ ወተትና እንቁላል የሌለበት ፌስቲቫል ለጾመኛ ቤተሰብ እንግዳ አይሆንም፤ ረቡዕና ዓርብ ምን እንብላ የሚል ጭንቀት እዚያ የለም። ልዩነቱ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይበሉት ሰዎች ማርንም የማይቀምሱ መሆናቸው ነው፤ ዳቦዎን ለጎረቤት ሲያካፍሉ ማር ካለበት መናገር ተገቢ ነው። ቋንጣውን ቤት ይተዉት። ጠጅና ጠላም የአልኮል ክልከላው ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ ክልከላ ቡድሂስቶች ከሚጠብቋቸው አምስት የሥነ ምግባር መመሪያዎች የመጨረሻው፣ አእምሮን ከሚያደነዝዝ ነገር መራቅ የሚለው፣ በሜዳ ላይ ሲተገበር ነው።

እንጀራ በእርጥብ ድንኳን ውስጥ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ስለማይቆይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ ይረከበዋል። በሶ ውኃና ስኳር ብቻ ስለሚፈልግ እሳት ማንደድ በማይቻልበት ዝናባማ ጠዋት ቤተሰቡን ሙሉ ያበላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለልጆች ኪስ፣ የተዘጋጀ ሽሮ ዱቄት ለማታ። አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ውኃ መያዣ ጀሪካን ይበቃል። ቀን ቀን ከምግብ ድንኳኖቹ መግዛት ወጪ ቢኖረውም ልጆቹ የሰውን ምግብ እንዲቀምሱ ያደርጋል።

ቡናውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ከሰል፣ ምድጃም ሆነ ዕጣን ማጨሻ በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ዝናብ ቢዘንብም፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ስለሆነ የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ይገድላል። እንግሊዝ አገር ውስጥ ለማሞቂያ ብለው ባርቤኪው ወደ ድንኳን ያስገቡ ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ ሞተዋል። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ፣ በደጅ፣ ከድንኳኑ ጨርቅ ራቅ ብሎ ይፈላል። መሬት ላይ እሳት ማንደድ የሚፈቀድበትን ቦታም አዘጋጆቹን ይጠይቁ። ረከቦቱን የያዘ ቤተሰብ ግን ጎረቤት አያጣም።

ስድስተኛ፦ ደርሶ ድንኳን መትከል

ከተቻለ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በፊት ይድረሱ። ከወረቀት ካርታው ላይ የቤተሰቦች መስፈሪያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የውኃ ቧንቧ፣ መጸዳጃና ዋናው የሙዚቃ ድንኳን የት እንዳሉ ለይተው፣ ለመጸዳጃው ቅርብ ሆኖም አጠገቡ ያልሆነ፣ ከሙዚቃው የራቀ ቦታ ይምረጡ። እንዲህ ባሉ ፌስቲቫሎች ሰዎች ልብስ ሳይለብሱ የሚገቡባቸው የእንፋሎትና የሙቅ ውኃ መታጠቢያዎች ስለሚኖሩ፣ የልጆቹ መንገድ በዚያ በኩል እንዳይሆን ከመትከልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ከተከሉ በኋላ መዛወር አድካሚ ነው።

ከጉድጓዳማ ቦታና ከዛፍ ሥር ይራቁ፤ ዛፍ ከዝናቡ በኋላም ለሰዓታት ሲያንጠባጥብ ይቆያል። በእንግሊዝ ነፋስ በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ የድንኳኑን ጀርባ ወደዚያ፣ በሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያድርጉ። ካስማዎቹን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብለው ይምቱ፤ ቀኑ ፀጥ ያለ ቢሆንም አውታሮቹን ሁሉ ይወጥሩ። በመጨረሻ ረጅም እንጨት ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ሰቅለው ከድንኳኑ አጠገብ ያቁሙ። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ በሚመሳሰሉ ድንኳኖች መካከል የአምስት ዓመት ልጅ ቤቱን የሚያገኝበት ምልክት ነው።

መጸዳጃው በእንዲህ ያሉ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ውኃ የሌለው፣ በውኃ ፈንታ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ የሚጨመርበት ነው። ገጠር ያደገ ሰው አይገርመውም፤ ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን እምቢ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲሄድም አብረውት ይሂዱ።

ሰባተኛ፦ ቀኖቹን መጠቀም

የፕሮግራም ሰሌዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስትና ስድስት ወርክሾፖችን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ፣ ሁሉን ለመድረስ የሚሮጥ ወላጅ ልጆቹን ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሲጎትት ይውላል። በእኔ ግምት ለቤተሰብ በቀን አንድ ወርክሾፕ ከሰዓት በፊት፣ አንድ ነገር ደግሞ ማታ በቂ ነው። የቀረው ጊዜ ባዶ ይሁን። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ጎረቤት ድንኳን ያገኙትን ጓደኛና ጭቃውን ነው። ባልና ሚስት ደግሞ ተራ ገብተው አንዱ ልጆቹን ሲይዝ ሌላው ብቻውን የሚፈልገውን ቢከታተል ሁለቱም ያተርፋሉ።

ተመስጦን መሞከር የሚፈልግ አዋቂ ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ በቀን አሥር ደቂቃ ቢለማመድ በሜዳው ላይ አይደናገርም። በትሪራትና በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ትንፋሽን መከታተል ሲሆን አራት ደረጃዎች አሉት፦ መጀመሪያ እያንዳንዱን ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ አንድ ቁጥር እየጨመሩ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ቀጥሎ ከማስገባት በፊት መቁጠር፣ ከዚያ ቁጥሩን ትቶ የትንፋሹን መግባትና መውጣት ብቻ መከተል፣ በመጨረሻ አየሩ አፍንጫን ሲነካ የሚሰማው ላይ ማተኮር። ሐሳብ ሲሸሽ ሳይበሳጩ ወደ አንድ መመለስ ነው። ሁለተኛው ሜታ ብሃቫና ይባላል፤ በጎ ምኞትን በአምስት ደረጃ ማስፋት ነው፦ ለራስ፣ ለወዳጅ፣ ለማይወዱትም ለማይጠሉትም ሰው፣ ለተጣሉት ሰው፣ በመጨረሻም ለፍጥረት ሁሉ። አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ በጣም የበደለዎትን ሰው አይምረጡ፤ በትንሽ ነገር የተቀያየሙት ጎረቤት ለጀማሪ ይበቃል። መሬት ላይ መቀመጥ የሚያም ከሆነ ዱካ ወይም ተጣጣፊ ወንበር ይዞ መሄድ ይቻላል። ትንንሽ ልጆችን ግን አርባ ደቂቃ ጸጥታ ወዳለበት ድንኳን መውሰድ ለልጁም ለተቀማጮቹም ጥሩ አይደለም፤ ለልጆች የሚሰናዳውን ይፈልጉላቸው።

ከሙዚቃው ውስጥ ለቤተሰብ የሚቀለው መሪው አንድ ሐረግ አዚሞ ሕዝቡ የሚቀበልበት ኪርታን የሚባለው ነው። አዝማች እየተቀበለ ያደገ የእኛ ሰው በሁለተኛው ዙር ይገባበታል። የሚዜሙት ስሞች ግን ብዙ ጊዜ የሂንዱ አማልክት ስለሆኑ፣ ቤት ውስጥ ያሰመሩት ወሰን እዚህም ይሠራል። ድምፅ ማጉያ ባለበት መድረክ አጠገብ ለሕፃናት የጆሮ መከላከያ ያድርጉ።

ስምንተኛ፦ የልጆች ደኅንነት

በመጀመሪያው ሰዓት ልጆቹን ይዘው ሜዳውን ይዙሩ፤ ቢጠፉ የሚቆሙበትን አንድ ቦታ ያሳዩአቸው፤ የስልክ ቁጥርዎን በእጃቸው አምባር ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። በእንግሊዝ ገጠርም ሳማ አለ፤ ያቃጥላል እንጂ አይጎዳም። መዥገር ግን «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በየማታው የልጆቹን ብብት፣ የጉልበት ኋላና የፀጉር ሥር ይመልከቱ። ካገኙ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አያቃጥሉት፣ ቅቤም አይቀቡት። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ በዚያ አካባቢ ክብ ሆኖ የሚሰፋ ቅላት ከታየ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ደመና ቢኖርም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀቧቸው።

ዘጠነኛ፦ መነሣት

ሜዳው ከፌስቲቫሉ በኋላ ወደ ግጦሽነት ሊመለስ ስለሚችል፣ በሣሩ ውስጥ የቀረ ካስማ የላም ኮቴ ይወጋል፤ የሣር ማጨጃውንም ይሰብራል። ስለዚህ ሲተክሉ የቆጠሩትን ካስማ ሲነቅሉም ይቁጠሩ። ቆሻሻዎን ለይተው ይውሰዱ። ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሻግት፣ ቤት እንደደረሱ በዚያኑ ማታ ዘርግተው ያድርቁት፤ ጓሮ የሌለው ቤተሰብ በደረጃው መደገፊያ ላይ ወይም በሁለት በሮች መካከል ገመድ ወጥሮ ሊያሰጣው ይችላል። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ያህል ቤቱ የሣርና የጭስ ሽታ ይሸታል።